ከካርድ ወደ ኮምፒውተር፦ የግል ክሊኒኮች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የታካሚ ካርድን ከወረቀት ወደ ኢኤምአር (ኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ) ስለማዛወር ነው። የተዘጋጀው በመሐል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳና አራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስና ሜክሲኮ፣ ከሁለት እስከ ስድስት የሐኪም ክፍል ይዘው ለሚሠሩ ክሊኒኮች ነው። ሆስፒታል ከሆኑ ከዚህ ውስጥ ግማሹ አይበቃዎትም።

ኤክሴል ላይ ስምና ስልክ እንይዛለን። ኢኤምአር ከዚያ በምን ይለያል?

ኤክሴል ላይ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ አይታወቅም። አንድ ሰው በስህተት አንድ ዓምድ ለብቻው በፊደል ተራ ቢደረድረው የ3,000 ሰው ስልክ ከስሙ ይለያያል፤ ይህ ደግሞ በየቦታው የሚደርስ ነገር ነው። ኢኤምአር ማለት የታካሚው ታሪክ፣ ምርመራ፣ የላብ ውጤትና ማዘዣ በአንድ የካርድ ቁጥር ሥር ሆኖ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ የጻፈውን ሰው ስምና ሰዓት ይዞ የሚቀመጥበት ሥርዓት ነው። የተጻፈ አይሰረዝም፤ ይታረማል፣ የቀድሞው ጽሑፍም ከኋላ ይታያል። ሊሸጥልዎ የመጣው ሶፍትዌር ይህን ካላደረገ ያማረ ኤክሴል ነው።

ከየት እንጀምር?

ከካርድ ክፍል። ባለቤቶች መጀመሪያ የሚጨነቁት ለሐኪሙ ስክሪን ነው፤ ሥራው የሚበላሸው ግን ሪሴፕሽን ላይ ነው። አንድ ታካሚ ሁለት ካርድ ካለው የፔኒሲሊን አለርጂው በአንደኛው ይመዘገብና ማዘዣው በሌላኛው ይወጣል። በወረቀት ዘመን ካርድ ሲጠፋ መጥፋቱ ይታወቅ ነበር፣ ሐኪሙም ይጠይቅ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ግን ትናንት የወጣው ባዶ ካርድ እንደ ሙሉ ካርድ ሆኖ ይቀርብለታል።

ድርብ ካርድ እንዴት እንደሚወለድ እንይ። የጠዋቷ ተረኛ «ገ/መድኅን» ብላ ትመዘግባለች። ከወር በኋላ ሰውየው ሲመለስ የከሰዓቷ ተረኛ «ገብረ መድህን» ብላ ትፈልጋለች። ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» ይላል። ወረፋው ረጅም ስለሆነ አዲስ ካርድ ታወጣለች። ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም፤ ደንብ አልተሰጣቸውም።

ደንቡ ይህ ይሁን። ገ/፣ ወ/፣ ኃ/፣ ተ/ የሚባል አጻጻፍ አይፈቀድም፤ ስሙ ተዘርዝሮ ያለ ክፍተት ይጻፋል፦ ገብረመድህን፣ ወልደማርያም። ወይዘሮ፣ አቶ፣ ሐጂ፣ መምሬ የሚሉት ስም ሳጥን ውስጥ አይገቡም። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ሦስት የተለያየ ሳጥን ይኑራቸው። ከውጭ የመጡ ሶፍትዌሮች ብዙውን ጊዜ ያላቸው የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ብቻ ስለሆነ ጸሐፊዎቹ አያትን አንዴ ከአባት ጋር ያጣብቃሉ፣ አንዴ ይተዋሉ፤ ውጤቱን መገመት አያስቸግርም።

ቀጥሎ ፍለጋው። ሀ፣ ሃ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ለፈላጊው አንድ መሆን አለባቸው። ሶፍትዌሩን ከመግዛትዎ በፊት በገዛ እጅዎ ይፈትኑት፦ «ፀሐይ» ብለው መዝግበው «ጸሃይ» ብለው ይፈልጉ። ካላገኘ ሻጩ እስኪያስተካክለው ድረስ አይፈርሙ። መሐመድን ደግሞ ሰው ሙሐመድም ማህመድም ብሎ ይጽፈዋል፤ ይህን በፊደል ማመሳሰል ብቻ መፍታት ስለማይቻል ፍለጋው ከስልክ ቁጥር ይጀምር፣ ከዚያ ስም፣ ከዚያ ዕድሜ። ስልክ ብቻውን ግን ሰው አይለይም፤ እናት የራሷን ቁጥር ለሦስት ልጆቿ ትሰጣለች። በነገራችን ላይ በ09 የሚጀምር ቁጥር ብቻ የሚቀበል አሮጌ ሶፍትዌር ዛሬም አለ። የሳፋሪኮም ቁጥሮች በ07 ስለሚጀምሩ ጸሐፊዋ ሌላ ቁጥር ትፈጥራለች ወይም ባዶ ትተዋለች።

የአጠያየቁም ነገር አለ። «አለሙ ከበደ ነዎት?» ሲባል ያመመው ሰው ስሙ ባይሆንም ራሱን ይነቀንቃል። ጸሐፊዋ «ሙሉ ስምዎን ከነአያት ይንገሩኝ» ብላ ትጠይቅ።

የፋይዳ ቁጥርን የካርድ ቁጥር ብናደርገውስ?

አያድርጉት። ባለ12 አሃዙን ቁጥር ካለው ለብቻው ሳጥን ይመዝግቡ፣ ድርብ ካርድ ለማግኘት ይረዳል። የካርድ ቁጥሩ ግን የክሊኒኩ የራሱ ተከታታይ ቁጥር ይሁን፤ ሕፃንም፣ ራሱን ስቶ የመጣም፣ መታወቂያ ያላወጣም ካርድ ያስፈልገዋል።

ድርብ ካርድ ከተገኘ ማን ያዋህደው?

አንድ የተሰየመ ሰው ብቻ። በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይመረጣል፣ ስልክና የራስ ስም የሚገጥሙባቸውን ዝርዝር ያወጣል፤ የአያት ስምና ዕድሜ ካልተስማሙ አይነካቸውም። በስህተት ለሁለት የተከፈለ የአንድ ሰው ካርድን ማዋሃድ ቀላል ነው፣ በስህተት የተዋሃዱ ሁለት ሰዎችን መለየት ግን የሳምንት ሥራ ነው።

የዕድሜና የቀን ስህተት ለምን ይበዛል?

«12/3/1985» የሚል የልደት ቀን ኅዳር 12 ቀን 1985 ዓ.ም. ከሆነ በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 1992 ነው። ሶፍትዌሩ እንደ ፈረንጅ ቀን ከወሰደው ታካሚው በአንድ ጊዜ ከሰባት ዓመት በላይ ያረጃል። ለአዋቂ ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ ለሕፃን ግን የሁለት ዓመቱ ልጅ የዘጠኝ ዓመት ሆኖ መድኃኒት ሲታዘዝለት አደጋ ነው። ስለዚህ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስም ከዝርዝር ይመረጥ፦ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። የፈረንጁ ቀን ከሥር ራሱ ይምጣ፣ ዕድሜውም ተሰልቶ በትልቁ ይታይ፤ ጸሐፊዋ ዕድሜውን ከፊቷ ከቆመው ሰው ጋር ታስተያያለች።

ሁለት ፈተና፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ያስገቡ፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ማለት አለበት። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ያስገቡ፤ እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ እምቢ ማለት አለበት። በዚህ የሚወድቅ ሶፍትዌር ብዙ ነው።

የልደት ቀናቸውን ለማያውቁ «በግምት» የሚል ምልክት ይኑር። ያ ከሌለ ጸሐፊዎች ሁሉንም መስከረም 1 ይሞሉታል፣ በኋላም የትኛው እውነት፣ የትኛው ግምት እንደነበር አይታወቅም። ሰዓትም እንዲሁ፦ የቀጠሮ ወረቀት ላይ 3፡00 ብሎ የሚታተመው የእኛ ሰዓት መሆኑን ያረጋግጡ። «9፡00» የሚል ወረቀት ይዞ ከሰዓት የመጣ ታካሚ ምንም አላጠፋም።

ስንት ኮምፒውተር ይበቃናል? መብራት ሲጠፋስ?

ሦስት የሐኪም ክፍል ላለው ክሊኒክ ሰባት፦ ሪሴፕሽን፣ ካሸር፣ ትሪያጅ (ታካሚ ሐኪም ዘንድ ከመግባቱ በፊት የሚታይበት ክፍል)፣ ላብ አንድ አንድ፣ ሐኪሞች ሦስት። መርፌ ክፍሉ የትሪያጁን ሊጋራ ይችላል። ዴስክቶፕ ሳይሆን ላፕቶፕ ይግዙ፤ ባትሪው ራሱ የሁለትና ሦስት ሰዓት መጠባበቂያ ነው። ከእነዚህ ሌላ፣ የሁሉም መረጃ የሚቀመጥበት ሰርቨር የሚሆን ሚኒ ፒሲ፣ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኝ ስዊችና ራውተር ያስፈልጋሉ። ለሰርቨሩ 16 ጊጋባይት ሜሞሪና ኤስኤስዲ ዲስክ ለዚህ መጠን ይበቃል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆየውን ባትሪ) ሲገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቪኤ (የሚሸከመውን ጭነት) ብቻ አይመልከቱ። 650 ቪኤ በሚለው ውስጥ በአብዛኛው ያለው አንድ የ12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው፤ ይህ 84 ዋት ሰዓት ነው፣ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ ወደ 50 ይወርዳል። ሰርቨሩ 25 ዋት፣ ራውተሩ 10፣ ስዊቹ 5 ቢወስዱ በድምሩ 40 ዋት ነውና አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ያቆይዎታል። ጄኔሬተር ለማስነሳት ከበቂ በላይ ነው። ሌዘር ፕሪንተር ግን እዚያ ላይ አይሰኩ። ሲሞቅ በአንድ ጊዜ ከ500 ዋት በላይ ስለሚስብ ዩፒኤሱ ጮኾ ይጠፋል፣ ሰርቨሩንም ይዞ ይሄዳል። የዩፒኤስ ባትሪ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው የሚቆየው፤ በወር አንዴ ከግድግዳው ነቅለው ደቂቃውን ይቁጠሩ።

ሰርቨሩ ክሊኒክ ውስጥ ይሁን ወይስ ክላውድ ላይ (ሌላ ቦታ ሆኖ በኢንተርኔት የሚደረስበት)?

ክሊኒክ ውስጥ ይሁን፣ ቅጂው በየማታው ከክሊኒኩ ወደ ውጭ ይሂድ። መሐል ከተማው ባለፉት ዓመታት በኮሪደር ልማቱ ሲቆፈር ኬብል የሚቆረጥበት ጊዜ እንደነበረ ያውቃሉ። ሰርቨሩ ውስጥ ከሆነ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሪሴፕሽን፣ ሐኪምና ላብ በውስጥ መስመር ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ክላውድ ከመረጡ ከፋይበሩ ሌላ የሌላ ኩባንያ ሲም ያለው ራውተር ያዘጋጁ፤ ሁለቱም ከአንድ ኩባንያ ከሆኑ አብረው ሊጠፉ ይችላሉ።

የትኛውንም ይምረጡ፣ ታካሚ «ሲስተም የለም» መባል የለበትም። ይህን ባንክ ሄዶ ጠግቦታል። በየክፍሉ መሳቢያ ውስጥ አስቀድመው ቁጥር የተሰጣቸው 30 የወረቀት ቅጾች ይቀመጡ። ጠዋት ጠዋት የዕለቱ ቀጠሮ ዝርዝር ከካርድ ቁጥርና ከአለርጂ ጋር ይታተም። በወረቀት የተሠራው በዚያው ቀን ማታ ይገባ፤ ለነገ ያደረ ወረቀት ይከማቻል፣ የተከማቸ ደግሞ አይገባም።

የቆዩትን ካርዶች በሙሉ ስካን እናድርግ?

እናስላው። 5,000 ካርድ፣ በአማካይ 6 ገጽ፣ 30,000 ገጽ ይሆናል። አንድ ገጽ 200 ኪሎባይት ቢይዝ 6 ጊጋባይት ነው፤ ቦታ ችግር አይደለም። ችግሩ ጊዜ ነው። ስካነሩ በደቂቃ 25 ገጽ ቢያነብም ስቴፕል መንቀል፣ የተጣበቀ የላብ ወረቀት ማላቀቅና በትክክለኛው ቁጥር መሰየም ተጨምሮ አንድ ካርድ 4 ደቂቃ ይፈጃል። 20,000 ደቂቃ ማለት ነው፦ ለአንድ ሰው በቀን ስምንት ሰዓት 42 የሥራ ቀን። አብዛኞቹ ካርዶች ደግሞ ዳግም የማይመጡ ሰዎች ናቸው።

የሚሻለው ታካሚው ሲመለስ ካርዱን ማውጣት ነው። ነርሷ አምስት ነገር ብቻ ትገለብጣለች፦ የቆየ ሕመም፣ አለርጂ፣ እየወሰደ ያለው መድኃኒት፣ ያደረገው ቀዶ ሕክምና፣ የመጨረሻው ዋና ውጤት። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብና የእርግዝና ክትትል ካርዶችን ግን ሳይመጡም አስቀድመው ያስገቡ። የወረቀት ካርዱ ላይ «ገብቷል» የሚል ማህተምና ቀን ይምቱ። ከተገለበጠ በኋላም ወረቀቱን አይጣሉት፤ ስለ ማቆያ ጊዜው ፈቃድ የሰጠዎትን አካል በጽሑፍ ጠይቀው ይወስኑ።

ማታ የሚመጡት ስፔሻሊስቶች መተየብ አይፈልጉም። ምን እናድርግ?

በዚህ ከተማ አንድ ኢኤምአር የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚህ ነው። ቀን ሌላ ቦታ ሠርቶ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚደርስ ሐኪም በሁለት ሰዓት ውስጥ 20 ሰው ያያል፤ ለአንድ ታካሚ 6 ደቂቃ ነው ያለው። ከስድስቱ ሦስቱን ኪቦርድ ላይ ፊደል ሲፈልግ እንዲያጠፋ መጠየቅ ትክክል አይደለም፤ እሱም አያደርገውም። በሳምንቱ «ነርሷ ትግባበት» ብሎ የይለፍ ቃሉን ይሰጣታል። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳዘዘ የሚያውቅ የለም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቅጹን ለእሱ ማሳጠር። የአንድ ስፔሻሊስት ታካሚዎች አብዛኞቹ በ30 የሚሆኑ የበሽታ ስሞችና በ40 መድኃኒቶች ይሸፈናሉ፤ ከቆዩት ካርዶች ቆጥረው ዝርዝሩን ያውጡለት፣ መጠኑና የሚወሰድበት ሰዓት አብሮ ይሞላ። የሕፃናት መድኃኒት ግን አብሮ አይሞላ፤ የዕለቱ ክብደት በኪሎ ካልገባ ሳጥኑ አይከፈት። ሁለተኛ፣ ካስፈለገ ጎኑ የሚቀመጥ ጸሐፊ መመደብ። ጸሐፊው በራሱ ስም ይገባል፣ ይጽፋል፤ ሐኪሙ ታካሚው ከመውጣቱ በፊት አንብቦ በራሱ መግቢያ ያጸድቃል። ያልጸደቀ ማዘዣ ፋርማሲ ላይ አይታይ።

የግዴታ ሳጥን አያብዙ። 25 ሳጥን ካልሞላህ አታልፍም የሚል ቅጽ የሚያገኘው መልስ ሳይሆን በየሳጥኑ የተተየበ «.» ነው። ከሁሉም ግዴታ መሆን ያለበት አለርጂ ነው፣ እሱም ሦስት መልስ ይኑረው፦ «አለ»፣ «ተጠይቆ የለም»፣ «አልተጠየቀም»። ባዶ ሳጥን የትኛው እንደሆነ አይናገርም።

በአማርኛ ወይስ በእንግሊዝኛ ይጻፍ?

ስም፣ አድራሻ፣ የቀጠሮ ወረቀትና የመድኃኒት አወሳሰድ በአማርኛ፤ የሐኪሙ ማስታወሻ እንደ ልማዱ በእንግሊዝኛ። «ጠዋትና ማታ ከምግብ በኋላ» የሚለው ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ መታተም አለበት። የአማርኛው ጽሑፍ በዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚያነቡት የፊደል ኮድ) መሆኑን ያረጋግጡ። በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ዝርዝር ወደ አዲሱ ሲዛወር ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ከኤክሴል ሲያስገቡም ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 (በዩኒኮድ የፋይል አቀማመጥ) ካልተቀመጠ ስሞቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው ይመጣሉ። አስቀድመው በ20 ስም ይሞክሩት።

የላብ ማሽኖቹን ማገናኘት ይቻላል?

አብዛኞቹ የሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) እና የኬሚስትሪ ማሽኖች በሲሪያል ገመድ ወይም በኔትወርክ ውጤት ይልካሉ። ገመዱ ቀላሉ ክፍል ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የናሙና ቁጥር እንጂ የሰው ስም ስላልሆነ ቴክኒሻኑ 118ን 181 ብሎ ካስገባ ውጤቱ ያለ ምንም ምልክት ወደ ሌላ ሰው ካርድ ይገባል። ቱቦው ላይ ባርኮድ ይለጠፍ፣ ማሽኑም ባርኮዱን ያንብብ። ይህ ካልተቻለ ውጤቱ በቀጥታ አይለቀቅ፤ ቴክኒሻኑ ስሙን ከቱቦው ጋር አስተያይቶ ይልቀቀው።

መለኪያውንም ያረጋግጡ። ስኳር እዚህ የሚነበበው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ አንዳንድ ማሽን ከፋብሪካው ሲመጣ በሚሊሞል በሊትር ተስተካክሎ ነው። ልዩነቱ 18 እጥፍ ነው፦ 7 ሚሊሞል 126 ሚሊግራም ነው። ውጤቱ ያለ መለኪያ ስሙ መታተም የለበትም።

ሕጉ ምን ይላል? ውጤት በቴሌግራም መላክስ?

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የበለጠ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መድቦታል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ መረጃ ሲያፈተልክ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ይጠበቃል። ከአገር ውጭ ስለሚተላለፍ መረጃም ገደብ አለው፤ ክላውድ የሚሸጥልዎትን ሰው ሰርቨሩ የት አገር እንዳለ በጽሑፍ ይጠይቁ። የሙያ ምስጢር ማውጣት ከዚህ አዋጅ በፊትም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስጠይቅ ነበር።

ስለ ቴሌግራም፦ አሁን የሚደረገው ሪሴፕሽኒስቷ በራሷ ስልክ ፎቶ አንስታ መላክ ነው። ስትለቅ የመቶዎች ሰዎች ውጤት አብሯት ይሄዳል። ታካሚው ራሱ ካልጠየቀ አይላክ፤ ከጠየቀም ፈቃዱ ካርዱ ላይ ይመዝገብ፣ ከክሊኒኩ ስልክ ብቻ፣ የይለፍ ቃል ባለው ፒዲኤፍ ይሁን፣ የይለፍ ቃሉም በአካል ይነገረው። የኤችአይቪ፣ የእርግዝናና የካንሰር ውጤት በምንም መንገድ በስልክ አይላክ።

ከሶፍትዌሩ በፊት የሪሴፕሽኑን ስክሪን ከተጠባባቂዎች ወንበር ያዙሩት። ነፃ ሥራ ነው፣ ብዙ ቦታ ግን አልተሠራም።

የሕክምና ማስረጃ ከኮምፒውተር ታትሞ ቢሰጥ መሥሪያ ቤቶች ይቀበሉታል?

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ እውቅና ይሰጣሉ። መሥሪያ ቤቱ ግን ክብ ማህተም ይፈልጋል። ያትሙ፣ ይፈርሙ፣ ማህተም ይምቱ። ልዩ ወረቀት የሚጠይቁ የናርኮቲክና የሳይኮትሮፒክ ማዘዣዎችም በወረቀታቸው ይቀጥላሉ።

ለጤና መሥሪያ ቤት የምንልከውን ወርሃዊ ሪፖርት ሶፍትዌሩ ያወጣልን?

ማውጣት አለበት፣ ግን የሪፖርቱ ወር ካለፈው ወር 21 እስከ ያዝነው ወር 20 መሆኑን የማያውቅ ከሆነ ቁጥሩ ሁሉ ይዛባል። የበሽታ ዝርዝሩም ከአገር አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ጋር ይዛመድ። ሐኪሞች በነፃ ጽሑፍ «ጋስትራይተስ» እያሉ በአምስት ዓይነት ፊደል ከጻፉ መቁጠር አይቻልም፤ ከዝርዝር ይምረጡ፣ ማስታወሻውን በነፃ ይጻፉ።

ደረሰኝስ?

የግብር ባለሥልጣኑ ከፈቀደው የደረሰኝ መሣሪያ ወይም ሥርዓት ብቻ። ሶፍትዌሩ የሚያትመው የክፍያ ማዘዣ እንጂ ደረሰኝ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይም ይህን ይጻፉ። በክሬዲት የሚታከሙ የድርጅት ሠራተኞችን ዝርዝር ግን ከሶፍትዌሩ ማውጣት የሁለት ቀን የሂሳብ ሥራ ይቀንሳል።

ባክአፕ በፍላሽ ብንይዝስ?

ፍላሽ ይጠፋል፣ ቫይረስም ያመላልሳል። ሁለት ውጫዊ ዲስክ ይግዙ፦ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቅጂው ራሱ ይጻፍ፣ ዲስኮቹ በየቀኑ ይቀያየሩ፣ አንዱ ሁልጊዜ ከክሊኒኩ ውጭ፣ ተመስጥሮ ይደር። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ ሰርቨሩ በቫይረስ ሲቆለፍ አብሮ ይቆለፋል። በወር አንዴ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰው ይክፈቱ፣ የታካሚዎቹን ብዛት ያስተያዩ፣ ትናንት የተመዘገበውን የመጨረሻ ሰው ካርድ ይፈልጉ። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አለ ብለው አይቁጠሩት።

በየትኛው ቀን እንጀምር?

ሰኞ አይሁን፤ ወረፋው ይገድልዎታል። ወሩ 20 ከመድረሱ በፊት ያለው ሳምንትም አይሁን። ከ21 በኋላ ያለው ረቡዕ ጥሩ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀጠሮውን በግማሽ ይቀንሱ። ወረቀትና ኮምፒውተር ጎን ለጎን ከሁለት ሳምንት በላይ አይሂዱ፤ ከዚያ ካለፈ ሁሉም ወደ ወረቀቱ ይመለሳል።

ከሻጩ ጋር ስንዋዋል ምን እናስገባ?

መረጃው የክሊኒኩ መሆኑን፤ ውል ሲቋረጥ ሙሉው መረጃ ሌላ ሶፍትዌር በሚያነበው መልክ በስንት ቀን እንደሚሰጥ፤ ክፍያው በኮምፒውተር ይሁን በተጠቃሚ። በተጠቃሚ ከሆነ ሰው መግቢያ መጋራት ይጀምራል፤ በኮምፒውተር የሚሻለው ለዚህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሲበላሽ ስልክ የሚያነሳው ማን እንደሆነም በስሙ ይጻፍ። ከመፈረምዎ በፊት ያንኑ መረጃ አሁኑኑ አውጥቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። «ይቻላል» ካለ በኋላ ሳያሳይ የሚሄድ ሻጭ አያስቸኩልዎ።

ክሊኒኩ ቦታ ቢቀይርስ?

በዚህ ሰፈር የሚደርስ ነገር ስለሆነ አስቀድመው ያስቡት። ከመንቀልዎ በፊት በነበረው ማታ ሁለት ቅጂ ይውሰዱ፣ አንዱን በሌላ ኮምፒውተር ከፍተው ይዩ። ሰርቨሩ ከዕቃው ጋር አይጫን፤ በሰው እጅ፣ ቅጂው ደግሞ በሌላ መኪና ይሂድ። አዲሱ ቤት ላይ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ሆነው ሶኬቱ የመሬት መስመር (ኧርዝ) እንዳለው በመለኪያ ሳያዩ ምንም አይሰኩ። የኢንተርኔት መስመር ማዘዋወሩ ሊዘገይ ስለሚችል ጥያቄውን ከኪራይ ውሉ ጋር በአንድ ቀን ያስገቡ። አዲሱን አድራሻ ደግሞ በሶፍትዌሩ ላይ ባሉት ስልኮች በኤስኤምኤስ መላክ ይችላሉ፤ ስልኮቹ በትክክል ተመዝግበው ከሆነ።